ቪኤ ራጅ ክፍል ሱፐርቫይዘር ሁኚ ተባልኩ፤ የጓደኛዬ አለቃ እንዴት ነው የምሆነው?

ሲቲዋ_ልጅ (ሜሪላንድ)

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ገጽ ላይ ለዓመታት አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ጻፍኩ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው ቪኤ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። 11 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ተራ ራጅ፣ ከዚያ ሲቲ ስካን። ስድስቱን ዓመት ሌሊት ነው የሠራሁት። ቪኤ ለማታውቁ፣ የአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግለው የወጡ ሰዎች የሚታከሙበት የመንግሥት ሆስፒታል ነው። በሽተኞቻችን አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው። ቬትናም የነበሩ፣ ኢራቅ የነበሩ፣ አንዳንዴም የ90 ዓመት የኮሪያ ዘማች።

ሱፐርቫይዘራችን ጡረታ ወጣ። ቦታው ወራት ባዶ ቆይቶ ማስታወቂያ ወጣ። ለወጉ ያህል አመለከትኩ። ኢንተርቪው ገባሁ። ባለፈው ሐሙስ ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደሩ) ደወለና "አልፈሻል፣ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አርብ መልስሽን አሳውቂን" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ።

ዋናው ነገር ጓደኛዬ ናት። እሷም ሀበሻ ናት። በአንድ ዓመት ነው የተቀጠርነው። የእረፍት ሰዓት ላይ ከቤት በቴርሞስ ያመጣነውን ቡና አብረን ነው የምንጠጣው። ልጄን ስወልድ አራስ ቤት ገንፎ ያገነፋችልኝ እሷ ናት። ግን ሁልጊዜ ታረፍዳለች። 10 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ። የልጇ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው ምክንያቱ። የድሮው አለቃ አይቶ እንዳላየ ያልፋት ነበር። እሷ እስክትደርስ የመጀመሪያውን በሽተኛ እኔ ነበርኩ የማነሳላት። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ። አሁን ሰዓቷን የምፈርመው እኔ ልሆን ነው።

ሌላው፣ ያልተሠሩ ትእዛዞች ዝርዝር። ከፍቼ አየሁት። ከ600 በላይ ነው። ሐኪም ያዘዘው፣ ቀጠሮ ያልተያዘለት፣ ወይም በሽተኛው የቀረበት። አንዳንዱ ዓመት አልፎታል። ይሄንን ማን ያጸዳዋል? እኔ?

ገንዘቡም አለ። ሌሊትና ቅዳሜ እሁድ ስሠራ የማገኘው ጭማሪ ይቀራል። ባለቤቴ አስልቶ "ማዕረግ ነው እንጂ ብር የለውም" አለኝ።

ቦታውን የምታውቁት ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ኦቨርታይም_ንጉሥ (አትላንታ)

አትንኪው። በቃ። የሌሊት 10 በመቶ፣ የእሁድ 25 በመቶ ትተሽ ስብሰባ ልትቀመጪ? እኔ ባለፈው ዓመት ከአለቃዬ በላይ ነው ወደ ቤት ይዤ የገባሁት። እሱ ጸጉሩ አልቋል፣ የእኔ ገና ነው። ደግሞ እሁድ ለእሁድ ስልኩ ሲጮህ አያለሁ። ሲቲው ተበላሸ፣ እገሌ ታመምኩ ብሎ ቀረ፣ ኮንትራስት (ለምስሉ የሚወጋው ቀለም) አለቀ።

ጓደኛሽንም ታጫለሽ። ሀበሻ በሀበሻ ላይ ሲሾም ምን እንደሚባል ታውቂዋለሽ።

ጡረተኛው_ራጅ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ማንም ያለሽ ስለሌለ እኔ ልበልሽ።

እኔ ከ2013 እስከ 2022 ቪኤ ራጅ ክፍል ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅር። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ጨረሩ፣ ስለ ወረቀቱ ሥጋት አይግባሽ፤ ይለመዳል። እኔን ልትገድለኝ የነበረችው ይሉኝታ ናት።

እኔም ጓደኛ ነበረኝ። እንዲያውም አበልጄ ነው፤ ሁለተኛ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሱም እንዳንቺ ጓደኛ ያረፍድ ነበር፤ የእሱ ምክንያት ሁለተኛ ሥራ ነው። ሌሊት ሌላ ሆስፒታል አድሮ በቀጥታ ይመጣል። አምስት ወር ሸፈንኩለት። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ አድርጌ አላነጋገርኩትም። "ምን ይለኛል? እናቱስ ቤት እንዴት እገባለሁ?" እያልኩ።

በስድስተኛው ወር አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባችን፣ በጣም ጎበዝ ሠራተኛ፣ ሦስት ጊዜ ዘግይታ በጽሑፍ አስጠነቀቅኳት። ልክ ነበርኩ? በወረቀት አዎ። እሷ ግን ኢኢኦ ቢሮ ሄደች። የአድልዎ አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ ነው፤ ነገሩ በሆነ በ45 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፣ እሷም ጊዜዋን አላሳለፈችም። "የአገሩን ሰው ያልፋል፣ እኔን ይከሳል። ፊቴ ላይ በቋንቋቸው ያወራሉ" አለች። መርማሪዋ የአበልጄን የሰዓት መዝገብ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ስንት ቀን እንዳረፈደ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ሰላሳ አንድ ቀን። እያንዳንዱ ሥር ፊርማዬ አለ።

ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ሴትዮዋ እውነቷን ነበር።

ስለዚህ ቦታውን ከተቀበልሽ፣ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ጓደኛሽን ቤትሽ ጥሪያት። ሥራ ቦታ አይሁን። ቡናውን አፍዪና ንገሪያት። "ከሰኞ ጀምሮ ሰዓትሽን የምፈርመው እኔ ነኝ፣ የሌለሽበትን ሰዓት አልፈርምም" በያት። ከዚያ ደግሞ መፍትሔ ይዘሽላት ቅረቢ። አውቶቡሱ ከሆነ ችግሯ፣ የሥራ መግቢያዋን በግማሽ ሰዓት መግፋት ይቻላል። ለእሷ ብቻ ካደረግሽው ግን ያው አድልዎ ነው። ለሁሉም ክፈቺው። እኔ በኋላ እንደዚያ ሳደርግ ዘግይተው መግባት የፈለጉት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ያቺው ፊሊፒናዊት። ከሰዓት በኋላ ሰው አጣን ስንል የነበረው ችግር ተቃለለልን። ለአለቃሽም ጓደኝነታችሁን ቀድመሽ ንገሪው። ከሌላ ሰው አፍ አይስማው።

በራጁ ክፍል ውስጥም በሽተኛ ፊት አማርኛ ይቅር። እኔ ይሄን ስል ሁሉም ተቆጥተውኝ ነበር። ግን እርቃኑን ጋውን ለብሶ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሰው፣ ከራሱ በላይ በማያውቀው ቋንቋ ሲሳቅ ስለ እሱ ይመስለዋል።

አንድ የተሳካልኝን ልንገርሽ። የበዓል ተራ። እኛ ሀበሾቹ ታንክስጊቪንግን እንሸፍናለን፣ እነሱ ደግሞ የኛን ገናና ፋሲካ። ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ዘጠኝ ዓመት በበዓል ተራ አልተጣላንም። አንድ ደቡባዊ ሽማግሌ ቴክኖሎጂስት ነበረን፣ "ያንተ ክሪስማስ መቼ ነው የሚመጣው?" እያለ ከኅዳር ጀምሮ ይጠይቀኝ ነበር። ዶሮ ወጥ ይዤለት እንደምመጣ ያውቃላ።

ስለ ዝርዝሩ ነገ እጽፍልሻለሁ። የልጅ ልጄን ላመጣ ነው።

ሲቲዋ_ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሰላሳ አንድ ቀን ሲሉ ሆዴን ቆረጠኝ። የጓደኛዬን አልቆጠርኩትም። ልቆጥረውም ፈራሁ።

ማግኔቷ (ዳላስ)

እኔ ቪኤ ውስጥ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚያነሳው ማሽን) ላይ ነኝ፣ ሱፐርቫይዘር ሳልሆን የክፍሉ መሪ ቴክኖሎጂስት። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲቲ ውስጥ ስለነበርሽ ኤምአርአይ ብዙም አይታይሽ ይሆናል። ሱፐርቫይዘር ስትሆኚ ግን በሩ ያንቺ ነው፤ ማን እንደሚገባ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።

የቪኤ በሽተኛ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ይዞ ሊሆን ይችላል። እሱ ራሱ ግን አያውቀውም ወይም ረስቶታል። አንድ ጊዜ የቬትናም ዘማች መጡ፣ ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ለጀርባ ነው የታዘዘላቸው። ቅጹን ሞልተዋል። ብረት? የለም። ፍንጣሪ መትቶዎት ያውቃል? አያውቅም። ሁሉም ላይ "የለም" ብለዋል፣ ፈርመዋል። አዲሷ ልጅ ልታስገባቸው ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሲሰጡ አየሁ። ባርኔጣው ላይ ፐርፕል ኸርት የምትባለዋ ሐምራዊ ሜዳሊያ ተሰፍታለች። በጠላት እጅ ለቆሰለ ወይም ለሞተ ወታደር የምትሰጥ ናት። "ሰር፣ ይቺን በምን አገኟት?" አልኳቸው። "ኦ፣ ትንሽ ነገር ነች፤ ፈንጂ አጠገባችን ፈነዳ፣ ፊቴን ጫረኝ" አሉ። ጫረኝ!

የዓይናቸውን ራጅ አስነሳናቸው። ግራ ዓይናቸው ጥግ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ቁጭ ብላለች። እዚያ ማግኔት ውስጥ ብትገባ ተንቀሳቅሳ ዓይናቸውን ልታጠፋ ትችል ነበር። ኤምአርአዩ ቀርቶ ሲቲ ተሠራላቸው። ፊልሙን ሳሳያቸው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ሚስታቸውን "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስታለቅሺ አብራሽ አይታለች" ብለው አሳቋት።

ከዚያ ወዲህ ለሠራተኞቹ "ቅጹን አትመኑ፣ ባርኔጣውን እዩ" እላለሁ። "ብረት አለዎት?" ብለሽ ከጠየቅሽ "የለም" ይሉሻል። "ፐርፕል ኸርት አለዎት? የት ነው የቆሰሉት?" ካልሽ ወንበር ስበው ይተርኩልሻል። አንቺ ደግሞ ሱፐርቫይዘር ስትሆኚ፣ ለዚያ ወሬ አምስት ደቂቃ የሚሆን ቦታ በቀጠሮው ላይ ተዪ። ከላይ ያሉት "በሰዓት ስንት በሽተኛ?" እያሉ ይጨቀጭቁሻል። ያቺን አምስት ደቂቃ አትስጫቸው።

ደግሞ የማሽኑ ድምፅ። ኢራቅ የነበሩት ልጆች ሲያንኳኳ የጦርነቱ ትዝታ ይነሳባቸዋል። ሳትናገሪ አትጀምሪው።

ጡረተኛው_ራጅ

የዳላሷ እህቴ የጻፈችው ወርቅ ነው።

ዝርዝሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምልሽ፣ ከላይ ማንም "ያረጀውን በአንዴ ሰርዥው" ቢልሽ እሺ እንዳትይ። በ2014 ፊኒክስ ያለው ቪኤ ላይ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ተደብቋል ተብሎ አገር ምድሩ ተናወጠ። የቪኤው ሚኒስትር ጄኔራል ሺንሴኪ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቁጥር አሳምሮ ማቅረብ ከዚያ ወዲህ ቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ሰው ነው። አንድ በአንድ ነው የሚታየው፤ ስልክ ተደውሎ፣ ደብዳቤ ተልኮ፣ ያዘዘው ሐኪም አውቆት፣ መዝገብ ላይ ተጽፎ።

እኔ ስገባ 400 ምናምን ነበር። ከቀጠሮ ያዧ ጋር ቁጭ ብለን ጀመርን። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ስልኩ መጮህ ሳይጀምር። ብዙው ድግግሞሽ ነው፤ ሁለት ሐኪም አንድ ደረት ያዘዙበት። ሌላው ውጭ ተሠርቶ ውጤቱ ያልገባ። በሁለተኛው ቀን፣ የሳንባ ሲቲ ክትትል፣ ስምንት ወር ያለፈው። ደወለች። ሚስቱ አነሱት። "ከታንክስጊቪንግ በፊት ቀበርኩት" አሉ። ቀጠሮ ያዧ ስልኩን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ምን ልበላት? ስልኩን ተቀበልኳትና ይቅርታ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ አልተቆጡም። "አንድ ጊዜ እንኳ ደውላችሁ ነበር?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መዝገቡን አየሁ። አልተደወለም።

ወዲያው ለሕሙማን ደኅንነት ክፍል ሪፖርት አደረግኩ። ክፍሌን የሚያስነቅፍ ነው፣ ገና አዲስ ተሿሚ ነኝ፣ ይሉኝታም ነበረኝ። አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣሁ፤ ካንሰር የተጠረጠረበትና የሳንባ ክትትል ያለበት ትእዛዝ በየሳምንቱ ዓርብ እኔ ራሴ ካላየሁት ከቢሮ አልወጣም። ሌላው ቢቆይ ይቆያል። አንቺም 600ውን በቁጥር አትፍሪው። ማን ቢቆይ ይሞታል ብለሽ ለዪው።

ደግሞ እናንተ ጋ መሥራት ካልቻላችሁ ውጭ ላኩት። ሚሽን አክት ከተባለው የ2018 ሕግ ወዲህ ለስፔሻሊቲ ሕክምና ከ28 ቀን በላይ የሚጠብቅ ሰው ከቪኤ ውጭ የመታከም መብት አለው። አንዳንድ አለቃ በሽተኛ ማጣት መስሎት ይደብቀዋል። በሽተኛው መርጦ ይሂድ። ችግሩ ፊልሙ በዲስክ ተመልሶ ይመጣል፣ ዲስኩም የማንም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እሱን የሚከታተል ሰው መድቢ።

ገንዘቡን በተመለከተ የአትላንታው ወንድሜ ግማሹን ነው የነገረሽ። የፌዴራል ጡረታ የሚሰላው በተከታታይ ከፍተኛ በሆኑት 3 ዓመታት መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ኦቨርታይም አይቆጠርም። የሌሊት ጭማሪውም አይቆጠርም። ጸጉሩን ጠብቆ ይቆይ። ደግሞ አዲስ ሱፐርቫይዘር የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ አለው፤ ካልሆነልሽ ከቀድሞ ደረጃሽ ወዳላነሰ ቦታ ትመለሻለሽ፣ ውጪ አትባዪም። ከኤችአር በጽሑፍ ጠይቂው። የሠራተኛ ማኅበሩ ነገርም ከ2025 ወዲህ ብዙ ስለተለዋወጠ እኔ የማውቀው ያረጀ ነው፤ እሱንም አብረሽ ጠይቂ።

ኦቨርታይም_ንጉሥ

ጋሼ ጸጉሬን ምን አደረግዎት 😂 ጡረታው ላይ ግን አሸንፈውኛል። ይሄን ማንም አልነገረኝም።

አንድ ጥያቄ፣ አበልጅዎ እንዴት ሆነ?

ጡረተኛው_ራጅ

በጽሑፍ አስጠነቀቅኩት። ሁለተኛውን ሥራ መርጦ ለቀቀ። ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። የልጁን፣ የክርስትና ልጄን ልደት ከሰው ነው የሰማሁት። እናቴ ስታርፍ ለቅሶ መጣ። ምንም አላለኝም፤ ድንኳን ሲተከል ወንበር አብሮ ሲያወርድ አየሁት። አሁን እንደዋወላለን።

ሥራው ጣፋጭም ነገር አለው፣ ሁሉን አላስፈራራሽ። 2016 ይመስለኛል፣ አንድ ሽማግሌ ለጉልበት ራጅ መጡ። ባጄ ላይ ስሜን አነበቡና "ኢትዮጵያ?" አሉኝ። አዎ። "እኔ አስመራ ነበርኩ፣ ቃኘው ስቴሽን፣ 1968" አሉ። የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጣቢያ የነበረው፤ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃችን ስሙ ቃኘው አልነበር? የጣቢያውም ስም ያው ነው። "ከመይለኹም" አሉኝ! እኔ ደግሞ ትግርኛዬ ከዚያ አያልፍም። ኤርትራዊት ባልደረባችንን ከአልትራሳውንድ ክፍል ጠራሁላቸው። ኮምቢሽታቶ (የአስመራ ዋናው ጎዳና) ላይ ማኪያቶ የጠጡበትን ቤት እየጠየቋት፣ እሷም አያቷ ቤት ከዚያ ጀርባ እንደነበር እየነገረቻቸው፣ ሁለቱም ራሳቸውን ረሱ። ሃያ ደቂቃ ዘገየን። የዚያን ቀን ሪፖርት ላይ ምክንያቱን ምን ብዬ እንደጻፍኩ አልነግራችሁም።

ሲቲዋ_ልጅ

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ወሬውን ላድርሳችሁ። ቅዳሜ ጓደኛዬን ቤት ጠራኋት። ቡና አፈላሁ። እስከ ሁለተኛው ጀበና ድረስ ስለ ልጆቹ ብቻ አወራን፤ አፌ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሲኒዋን አስቀመጠችና "አንቺም ትቆጥሪያለሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። በረካም አልጠጣችም።

እሁድ ማታ ቴክስት ላከች። "ግማሽ ሰዓት የሚገፋው ከመቼ ጀምሮ ነው?" ሌላ ነገር የለውም። ሰላምታም የለውም።

ለኤችአር እሺ ብያለሁ። ሥራው የሚጀምረው የሚቀጥለው የደመወዝ ወቅት ላይ ነው። ጋሼ፣ ከመጀመሬ በፊት ባየው የሚሉት ነገር ካለ?

ጡረተኛው_ራጅ

እሰይ። ቴክስቱ ሰላምታ ባይኖረውም መልእክት ነው።

ከመጀመርሽ በፊት አፕረኖቹን ቁጠሪ። የጨረር መከላከያዎቹን። በየዓመቱ በፍሎሮስኮፒ (በቀጥታ በሚያሳየው ራጅ) ይታያሉ፣ ቀዳዳ ያለው ይወገዳል፣ ሁሉም ቁጥር አለው። ሆስፒታሎችን የሚፈትሸው የጆይንት ኮሚሽን መርማሪ ሳይነግርሽ ይመጣና አንዱን መስቀያ ላይ አንስቶ "የዚህን ወረቀት አሳዪኝ" ይልሻል። እኔ ስረከብ ወረቀቱ ላይ 31 ነበር። ቆጥሬ 27 አገኘሁ። ሦስቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አንዱ ጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ እንደ ትራስ ተጣጥፎ። ርክክቡን ከፈረምሽ በኋላ ያንቺ ጥፋት ነው። የጨረር መለኪያ ባጆቹንም እዪ። አንድ ሰው ባጁን ፍሎሮ ክፍል አፕረኑ ላይ ትቶት ወጥቶ፣ ያልለበሰው ሰው በወረቀት ተቃጠለ ተብሎ ለሦስት ሳምንት ማብራሪያ ስጽፍ ከርሜአለሁ።

ሲቲዋ_ልጅ

ቆጠርኩ። ወረቀቱ ላይ 22። መስቀያው ላይ 19።

ጥርስ ክሊኒክ ልሄድ ነው።